እድር የሌለው መኪና

ሰፈሩ ውስጥ አንድ የቆመ መኪና የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ጎማው ወርዶ ቸርኬው አፈር ላይ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ፀሐይ በልቶት ዓመቱ አይነበብም። በክረምት ከሥሩ ድመት ትወልዳለች፤ በበጋ ኮፈኑ ላይ በርበሬ ይሰጣል። ባለቤቱን ብትጠይቋቸው "ይሠራል እኮ፣ ባትሪ ብቻ ነው" ይላሉ። ይህን ማለት ከጀመሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

ይህ መኪና ሞቷል ወይስ አልሞተም? ከሞተስ ማን ይቅበረው፣ በማን ገንዘብ? ለሰው ሲሆን መልሱን እናውቀዋለን። እድር አለን። በጤና ዘመን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ድንኳኑም ወንበሩም ሬሳ ሳጥኑም ከዚያ ይወጣል። ለመኪናም እንዲህ ያለ እድር ያቋቋሙ መንግሥታት አሉ። እዚያ የደረሱት ግን በቀላሉ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት የፈጀ ጭቅጭቅና አንድ የተበላሸ ደሴት አስከፍሏቸዋል። እኛ ከታሪኩ የምናውቀው ጫፍ ጫፉን ነው፤ አንዱ ስለ ኤክሳይስ ታክስ ያወራል፣ ሌላው ስለ ነዳጅ መኪና እገዳ። እስቲ ከሥሩ እንጀምረው። የውጭውን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው እጽፋለሁ።

ከ1950ዎቹ እስከ 1965፦ ውዳቂ ብረት የረከሰበት ዘመን

መኪና ከመጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት የትኛውም መንግሥት ስለ አሮጌ መኪና ተጨንቆ አያውቅም፤ ገበያው ይቀብረው ነበር። ውዳቂ ሰብሳቢው መኪናውን ከባለቤቱ በገንዘብ ይገዛል፣ መለዋወጫውን ፈትቶ ይቸረችራል፣ የተረፈውን አጥንት ለብረት ፋብሪካ ይሸጣል። ሬሳውን ገንዘብ ሰጥቶ የሚወስድ ሰው ካለ እድር ምን ያደርጋል?

ይህን ሒሳብ ያፋለሰው የምድጃ ለውጥ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ብረት ፋብሪካዎች የድሮውን ምድጃ እየተዉ ወደ ኦክስጅን ምድጃ ዞሩ። አዲሱ ምድጃ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከቀድሞው ያነሰ ውዳቂ ብረት ነው የሚፈልገው። የውዳቂ ዋጋ ወደቀ። የሞተ መኪና ለመጎተት የሚከፈለው ገንዘብ መኪናው ከሚያወጣው በለጠ። በዚያ ላይ ሰብሳቢዎቹ ወንበሩንና ስፖንጁን ከብረቱ የሚለዩት መኪናውን ሜዳ ላይ በማቃጠል ነበር፤ ከተሞች ጭሱን መከልከል ሲጀምሩ ይህም ዘዴ ቀረ። መኪኖች በየመንገዱ ዳር፣ በየገደሉ ሥር፣ ታርጋቸው እየተነቀለ መጣል ጀመሩ።

በጥቅምት 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የአውራ ጎዳና ማስዋቢያውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ባለቤታቸው ሌዲ በርድ አጥብቀው የያዙት ጉዳይ ስለነበር ስሙ ከእሳቸው ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ከዋና ዋና መንገዶች በ1 ሺህ ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለ የመኪና መቃብር ወይ ይጋረድ ወይ ይነሳ የሚል ነው። መንግሥት አሮጌ መኪናን የራሱ ጉዳይ ያደረገበት ትልቅ እርምጃ ይኸው ነበር፤ ያደረገውም መጋረጃ መጋረድ ነው። ሬሳው እዚያው ነው።

ክምሩን ያቀለለው ሕጉ ሳይሆን ማሽን ነው። በቴክሳስ፣ ሂውስተን ውስጥ በውዳቂ ብረት ንግድ የኖረው የፕሮለር ቤተሰብ ሙሉ መኪናን ከነአካሉ ጎርሶ የሚሰባብር ግዙፍ መፍጫ ሠራ። ነገሩን አውድማ ላይ ማየት ይቻላል። መዶሻዎቹ እንደ በሬ ኮቴ ይወቃሉ። ማግኔቱ እንደ ነፋስ ሆኖ ብረቱን ከሌላው ይለያል። ፍሬው፣ ማለትም ንጹሑ ብረት፣ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት አዳዲስ ምድጃዎች ጥሩ ቀለብ ሆነ። ግን የትም አውድማ እብቅ አለው። ከመኪናው ክብደት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነው ስፖንጅ፣ ላስቲክ፣ ፕላስቲክ፣ የመስታወት ስብርባሪና የሽቦ ቁራጭ ነው፤ ላዩ ላይ ዘይትና እርሳስ ተለውሶበታል። ፍሬውን ሁሉም ይፈልገዋል። የቀረው ታሪክ የእብቁ ነው።

1975፦ የመጀመሪያው እድር

ስዊድን ደንና ሐይቅ የበዛባት አገር ናት። መኪና ለመጣል ይህን ያህል የተመቸ መልክዓ ምድር አይገኝም። ፓርላማው በ1975 ያወጣው ሕግ ግን በጫካ ዘበኛ የሚተማመን አልነበረም። አዲስ መኪና ገበያ ሲገባ የማስወገጃ መዋጮ ይከፈልበት ነበር፤ ገንዘቡ ፈንድ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ የመጨረሻው ባለቤት መኪናውን ፈቃድ ላለው አፍራሽ አስረክቦ ወረቀት ካመጣ ከዚያው ፈንድ ጉርሻ ይቀበል ነበር። ኖርዌይ በ1978 ተከተለች።

የሐሳቡ ብልሃት ጊዜው ላይ ነው። ሰው አዲስ መኪና የሚገዛ ቀን ደስተኛ ነው፣ ኪሱም አልነጠፈም። መኪናው ሲሞት ግን ወይ ገንዘብ የለውም ወይ ግድ የለውም። የእኛ አያቶች እድርን ሲያቋቁሙ ይህንኑ ያውቁ ነበር። ይሁንና የስዊድን ፈንድ መኪናውን ከጫካ እንጂ እብቁን ከአፈር አላዳነም። ያንን ያስተማረችው ሌላ አገር ናት።

ከ1978 እስከ 2000፦ የቴሺማ እብቅ

ቴሺማ በጃፓን የውስጥ ባሕር ላይ የተቀመጠች፣ በካጋዋ ክፍለ ግዛት ሥር የምትተዳደር ትንሽ ደሴት ናት። ሰዎቿ ሩዝ ያመርታሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ የአካባቢው ነጋዴ መርዛማ ቆሻሻ ላምጣ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ነዋሪው ተነስቶ አስቆመው። ሰውየው ማመልከቻውን ቀየረ፤ የመሬት ትል ማርባት ነው የምፈልገው አለ። በ1978 ክፍለ ግዛቱ ፈቀደለት።

ብዙም ሳይቆይ ወደቡ ላይ የሚራገፈው የትል መኖ አለመሆኑ ታወቀ። ከዋናው ምድር በጀልባ እየተጫነ የሚመጣው የመኪና መፍጫዎች እብቅ ነበር። ይከመራል፣ ዘይት ይፈስበታል፣ ይቃጠላል። ጥቁሩ ጭስ መንደሩ ላይ ይወርዳል፤ ሕፃናት ማሳል ጀመሩ። ነዋሪው አቤት ሲል የክፍለ ግዛቱ ሹማምንት እየመጡ ያዩና ይመለሳሉ። መልሳቸው አንድ ነው፦ ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ ጥሬ ዕቃ ነው። ማስረጃስ? ሰውየው እብቁን የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ደረሰኝ አለው። በገንዘብ የሚገዛ ነገር እንዴት ቆሻሻ ይባላል? እውነቱ ግን ሻጮቹ በ"ማጓጓዣ" ስም ከሸጡበት የበለጠ መልሰው ይከፍሉት ነበር። መዳብና ብረት ለቅሞ ያወጣል የተባለለት ክምር እየተቃጠለ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የሰፈራችን ሰውዬ "ይሠራል፣ ባትሪ ብቻ ነው" ያሉትና የካጋዋ ሹማምንት "ጥሬ ዕቃ ነው" ያሉት አንድ ነገር ነው። ሞቷል ካልከው መቅበር ግዴታህ ሊሆን ነው፤ አልሞተም ካልክ ግን ማንም አያስገድድህም። በአሮጌ መኪና ታሪክ ውስጥ ትልልቁ ክፋት ሁሉ በዚህች "አልሞተም" በምትል ቃል ሥር ነው የተሸሸገው፤ ኋላም እናገኛታለን።

በኅዳር 1990 ፖሊስ ደሴቷ ላይ ደረሰ። የመጣው የካጋዋ ሳይሆን የጎረቤቱ የሂዮጎ ክፍለ ግዛት ፖሊስ ነበር፤ ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሥራው ቆመ፣ ሰውየው ተፈረደበት፣ ክምሩ ግን እዚያው ቀረ። በ1993 ከአምስት መቶ በላይ የደሴቷ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ የሽምግልና አቤቱታ አቀረቡ። ጠበቃቸው በሸማቾች ክርክር ስሙ የገነነው ናካቦ ኮሄይ ነበር። ነዋሪዎቹ ባሕር እየተሻገሩ ከክፍለ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለወራት ተሰለፉ። ሰኔ 6 ቀን 2000 ስምምነቱ በደሴቷ ተፈረመ፤ ገዥው በነዋሪው ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከአቤት ባዮቹ መካከል ያቺን ቀን ሳያዩ ያለፉ ነበሩ።

ከዚያ የሬሳ ማውጣት ሥራው ተጀመረ። ከ2003 እስከ 2017 እብቁና የተበከለው አፈር እየተቆፈረ፣ በመርከብ ወደ ጎረቤቷ ናኦሺማ እየተጓዘ፣ በከፍተኛ ሙቀት እየቀለጠ ተወገደ። ሲደመር 900 ሺህ ቶን አለፈ። ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ የተጣለውን ለማንሳት አሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ ሒሳቡም በግብር ከፋዩ ላይ ወደቀ። ዛሬ ወደ ቴሺማ የሚሄደው ጎብኚ ስለ ሥነ ጥበብ ሙዚየሟ እንጂ ስለዚህ ብዙም አያውቅም።

ከ1999 እስከ 2005፦ ሕጉ ወደ ፋብሪካው በር ሄደ

አውሮፓም ከእብቁ ጋር እየታገለ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተረቀቀው መመሪያ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፦ መኪናውን የሠራው ይቅበረው። የመጨረሻው ባለቤት ምንም አይከፍልም፤ ፋብሪካው የቀብሩን ወጪ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ይሸከማል። ስምምነቱ ሊጠናቀቅ ሲል በሰኔ 1999 ጀርመን አፈረሰችው። የቮልስዋገኑ ፈርዲናንድ ፒየሽ መራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደርን አናገሩ፤ ሽሮደርም የአረንጓዴው ፓርቲ ሰው የሆኑትን የአካባቢ ሚኒስትራቸውን ዩርገን ትሪቲንን ተቃወም ብለው አዘዙ። ሚኒስትሩ እስከዚያ የደገፉትን ሕግ ራሳቸው ተነስተው መቃወም ግድ ሆነባቸው።

መመሪያው ትንሽ ተለዝቦ በመስከረም 2000 ጸደቀ። እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና ስድስት ቫለንት ክሮሚየም ከጥቂት ነገሮች በቀር ከ2003 ጀምሮ ከአዲስ መኪና እንዲወጡ አዘዘ። ከ2006 ጀምሮ ከመኪናው ክብደት 85 በመቶው፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ 95 በመቶው ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ጠየቀ። መኪናው መሞቱን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ካልቀረበ ታርጋው አይሰረዝም። የፋብሪካው መሐንዲስ መኪናውን ሲነድፍ እንዴት እንደሚፈታም እንዲያስብ ግድ አለው።

ጃፓን ከቴሺማ በኋላ ሌላ መንገድ ይዛለች። እብቅ እንደ ልብ የሚጣልበት ጉድጓድ ከ1996 ጀምሮ ተከልክሎ፣ ከሥሩ ሽፋን ያለው ጉድጓድ ብቻ ስለተፈቀደ ወጪው ናረ። ውጤቱም እንደ 1960ዎቹ አሜሪካ ሆነ፤ በ2004 በየጫካውና በየግቢው የተጣለና የተከመረ መኪና 218 ሺህ ተቆጠረ። ጥር 1 ቀን 2005 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በጎላ መልኩ የእድር ሕግ ነው። እያንዳንዱ ገዢ አዲስ መኪና ሲወስድ እንደ መኪናው ዓይነት ከ6 ሺህ እስከ 18 ሺህ የን ያህል ያስቀምጣል። ነባር መኪና ያላቸው ደግሞ ለቀጣዩ ምርመራ፣ በእኛ አነጋገር ለቦሎ፣ ሲቀርቡ ከፈሉ። ገንዘቡ የሚውለው ማንም ገዝቶ ለማይወስዳቸው ሦስት ነገሮች ነው፦ ለአየር ማቀዝቀዣው ጋዝ፣ ለኤርባጉና ለእብቁ። የእያንዳንዱ ሬሳ ጉዞ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በኮምፒውተር ይመዘገባል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተጣለው መኪና ቁጥር ከ10 ሺህ በታች ወረደ። ሠራ ማለት ነው።

አንድ አንቀጽ ግን ነበረችው። መኪናው ለውጭ ገበያ ከተላከ መዋጮው ይመለሳል። አባሉ አገር ለቆ ስለሄደ እዚህ አይቀበርምና እድሩ ምን አገባው? ሒሳቡ ከእነሱ አንጻር ትክክል ነው። የቀብሩ ገንዘብ ግን የሚመለሰው ለላኪው ነጋዴ ነው እንጂ መኪናውን ተከትሎ ባሕር አይሻገርም።

2009፦ ሳይሞቱ የተቀበሩ

የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ የመኪና ፋብሪካዎችን ሲያንበረክክ መንግሥታት አሮጌ መኪናን በሌላ ዓይን አዩት። አሮጌውን አስረክብ፣ አዲስ ግዛ፣ ልዩነቱን እኔ ልክፈል አሉ። ጀርመን ዘጠኝ ዓመት ለሞላው መኪና 2,500 ዩሮ ሰጠች፤ 5 ቢሊዮን ዩሮ ወጥቶ ሁለት ሚሊዮን ያህል መኪና ተረከበች። የጉርሻው ስም በዚያ ዓመት የጀርመንኛ "የዓመቱ ቃል" ተብሎ እስከመመረጥ ደረሰ።

አሜሪካ ከ3,500 እስከ 4,500 ዶላር ሰጠች። የተመደበው የመጀመሪያው 1 ቢሊዮን በሳምንት ገደማ አለቀ፤ 2 ቢሊዮን ተጨመረ፤ ወደ 680 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ገቡ። አገዳደላቸው እንዲህ ነበር። መካኒኩ የሞተሩን ዘይት ያወርዳል፤ በምትኩ ሁለት ሊትር ያህል ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ይጨምራል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ይሰጠዋል። ፈሳሹ በሙቀቱ ወደ መስታወትነት ይለወጣል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ ይቆማል። ሁለተኛ አይነሳም። በየቀኑ አንድ ፒስተን ለማዳን ሲታገል የሚውል የእኛ ሰፈር መካኒክ ይህን ቢያይ ማልቀሱ አይቀርም። አሜሪካኖቹ ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ሞተሩ ካልተገደለ መኪናው በወረቀት ሞቶ በሌላ አገር ይነሳል።

ጀርመን ይህን አላደረገችም። የጀርመን የወንጀል መርማሪዎች ማኅበር እንደተናገረው እስከ 50 ሺህ የሚደርሱ "የተቀበሩ" መኪኖች ወደ አፍሪካና ምሥራቅ አውሮፓ ተሸጠዋል። ያቺ ቃል ተመለሰች፦ ጉርሻ ለመቀበል ሬሳ፣ መርከብ ላይ ለመጫን ዕቃ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፦ በእኛ በር

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪኖች ወደ ሌላ አገር ተልከዋል፤ 40 በመቶ ያህሉ አፍሪካ ገብተዋል። የኔዘርላንድ ተቆጣጣሪዎች በወደቦቻቸው ወደ አፍሪካ ሊጫኑ ያገኟቸው አብዛኞቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ጭስ ማጣሪያቸው ተነቅሎ የተሸጠባቸውም አሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል መኪና ዱካው እንደሚጠፋ አምኗል። የጃፓኖቹ መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ወደ ሞምባሳና ዳሬሰላም አቀኑ፤ ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነው በሯን ዘጋች። እኛ ጋ የመጡት ከአውሮፓና ከዱባይ ነው። ደላላው "ከአውሮፓ የገባ፣ ምንም አልተነካካም" ሲል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

በሩን ክፍት ያደረግነው ራሳችን ነበርን። ቀረጥ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ በእርጅና ይቀነስለት ነበር። ስለዚህ አዲስ መኪና ለማስገባት ያሰበ ሰው ይቀጣ፣ አሮጌ ያመጣ ይሸለም ነበር ማለት ይቻላል። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ ረቂቅ ምክር ቤት ሲቀርብ አስመጪው ጮኸ፣ የመኪና ገበያው ቀጥ አለ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በየካቲት ጸደቀ። ሒሳቡ ተገለበጠ፤ አነስተኛ ሞተር ላለው አዲስ መኪና 5 በመቶ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ላገለገለ ትልቅ መኪና እስከ 500 በመቶ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አይገባም ብለው ተናገሩ።

ሁለቱም ውሳኔዎች የአሮጌ መኪና መግቢያን አጥብበዋል፤ ይህን በበጎ አየዋለሁ። ግን ሁለቱም የመግቢያ ሕጎች ናቸው። ውስጥ ያለው በየት ይውጣ? ከውጭ የሚገባው ሲወደድ ውስጥ ያለው ከነዝገቱ ከበረ፤ ሃያ ዓመት የነዱትን ቪትዝ ከገዙበት አትርፎ መሸጥ በእኛ አገር ተአምር አይደለም። ዋጋው በየዓመቱ የሚጨምር ነገር ማን አውጥቶ ይጥላል? የሰፈራችን ሰውዬም ሞኝ አይደሉም።

ሲሞት የሚቀበለው ያው ቁራሌው፣ ጋራዡና የመርካቶው ምናለሽ ተራ ነው። ምናለሽ ተራን እንደ ቆሻሻ መጣያ የሚያይ ተሳስቷል። የመኪናው አካል ከሰል ማንደጃ ይሆናል፣ ጎማው በረባሶ፣ ሞሊው መፍለጫ። ከፍሬው የሚባክን የለም፤ በዚህ ማንም አውሮፓዊ መሐንዲስ አይበልጠንም። እብቁ ግን እዚያም እብቅ ነው። የተቃጠለው ዘይት ቱቦ ውስጥ፣ የባትሪው አሲድ አፈር ላይ፣ የማቀዝቀዣው ጋዝ አየር ላይ ይቀራል። ፍሬው ያተርፋልና የሚለቅመው አለ፤ ለእብቁ የሚከፍል ስለሌለ የሚያነሳው የለም።

አሁን ደግሞ መንግሥት እንዳስታወቀው ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገብተዋል። የእነሱ ባትሪ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ምናለሽ ተራ በመዶሻ የሚፈታው ዓይነት አይደለም። አብዛኞቹ የተሠሩባት ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያረጀ ባትሪን የመሰብሰብ ኃላፊነት በአገሯ ፋብሪካዎች ላይ ጥላለች። ግዴታው በአገሯ ነው።

መኪና ያላችሁ ከሊብሬው ጋር ያስቀመጣችሁትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አውጥታችሁ እዩት። ቀረጥ አለ፣ ኤክሳይስ አለ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ ሱር ታክስ አለ። ለቀብሩ የተቀመጠ አንድ ብር የለም።